ያውቁ ኖሯል? አድማው ያላቆመው ድራማ

እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ የፊልምና የቴሌቪዥን ደራስያን ለ148 ቀናት ሥራ ሲያቆሙ፣ የሌሊቱ የጭውውት ትርዒቶች ወዲያው ተዘጉ። እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ የሚታየው «ጄነራል ሆስፒታል» የተባለው የቀን ድራማ ግን መተላለፉን ቀጠለ። ታዲያ ማን ጻፈው?

የደራስያኑ የሠራተኛ ማኅበር አባል ያልሆኑ ሰዎች፣ እንዲሁም አባልነታቸውን ትተው ከመዋጮው የተወሰነውን ብቻ የሚከፍሉ ጸሐፊዎች ናቸው። የአገሪቱ ሕግ ይህን ይፈቅዳል። ማኅበሩ ግን በቀላሉ ይቅር አይልም፤ እንዲህ አድርጎ ለወጣ ደራሲ የመመለሻው በር እንደ ተዘጋ ነው የሚቆጠረው። አድማውን አክብሮ ቤቱ የቀረውም ቢሆን ክፍያውን አጥቶ፣ ገጸ ባሕርያቱን ሌላ ሰው ሲያናግራቸው ይመለከታል። የትኛው ይብሳል?

የፊልምና የቴሌቪዥን ተዋንያንም በዚያው ዓመት ሐምሌ አድማ መቱ፤ የቀን ድራማ ተዋንያን ግን የሚሠሩት በተለየ ውል ስለሆነ አድማው እነሱን አልነካም። በመሆኑም የቀን ድራማዎቹ የካሜራ፣ የመብራትና የሜካፕ ባለሙያዎች፣ በሌላው ዘርፍ ያሉ ባልደረቦቻቸው ሥራ ፈትተው ሲቀመጡ፣ ደመወዛቸው አልተቋረጠም።

«ዴይስ ኦቭ አወር ላይቭስ» የተባለው ሌላ የቀን ድራማ ደግሞ ከስርጭቱ ወራት ቀድሞ ስለሚቀረጽ፣ አድማው ሲጀመር ብዙ የተቀረጹ ክፍሎች በእጁ ነበሩ።