ጨው ቀድሞ የገባበት ቤት

ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ በደም ግፊት ክትትል ክፍል የምንሠራ ነርሶች «ሲስተር፣ እኔ እኮ ጨው ከተውኩ ቆየሁ» የሚለውን ቃል ሳንሰማ የምንውልበት ቀን የለም። ልኬቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ሰዎቹ አይዋሹም፤ ወጡን ሲሠሩ እጃቸውን ይሰበስባሉ። ችግሩ ጨው ቀድሟቸው መግባቱ ነው።

በብዙ ቤት የዓመት በርበሬ ሲዘጋጅ ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከዝንጅብሉና ከበሶብላው ጋር ጨው ተጨምሮ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። ሽሮውም እንደዚያው፣ ሚጥሚጣውም። ድስቱ ላይ ደግሞ ሌላ ይጨመራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይመክራል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ ሞልቶ አይመጣም። በ2007 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት እንዳሳየው ግን እኛ በአማካይ ከ8 ግራም በላይ እንበላለን።

«ጨው ቀንሱ» ማለት አንድን ሰው በየማዕዱ ከገዛ ምላሱ ጋር ተጣላ ማለት ነው። ስንቱ ይዘልቀዋል? «ዘንድሮ በርበሬና ሽሮ ስታስፈጩ ጨው አታስገቡ» ሲባል ግን ሥራው በአንድ ቀን ያልቃል፣ ጥቅሙ ዓመቱን ሙሉ ይቆያል። ከዚያ ወዲያ ጨው የሚገባው ድስት ላይ ብቻ ስለሚሆን በማንኪያ ይለካል። ሊወርድ ሲል ቢጨመር ደግሞ አዮዲኑም እንደልብ አይባክንም። የቀድሞው ልክ ቀስ በቀስ ከተቀነሰ ምላስ በጥቂት ሳምንታት ይለምዳል።

«ያለ ጨው ይበላሻል» የሚሉ እናቶች አሉ። በርበሬን የሚያበላሸው እርጥበት ነው። በደንብ ደርቆ ከተፈጨና በደረቅ ዕቃ ከተከደነ ይቆያል።

አባወራዎች ብቻቸውን መጥተው «እነግራቸዋለሁ» ብለው ይሄዳሉ። አይነግሩም፤ ቢነግሩም ቁጣ ያደርጉታል። ስለዚህ በርበሬውን የምታዘጋጀውን ሰው ይዘው እንዲመጡ እጠይቃለሁ፤ ሚስትም ትሁን፣ እህትም ትሁን፣ ሠራተኛም ትሁን። ቤቱ ውስጥ የጨው ሥልጣን ያለው እሷ ጋ ነው።

እንቅስቃሴንም የማየው በዚሁ ዓይን ነው። ሱቁን በጠዋት የሚከፍት የሳሪስ ነጋዴ «ንጋት ላይ ሩጥ» ቢባል ይስቅብኛል፤ እውነቱን ነው። ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሞ መውረድ ግን ይችላል፣ መንገዱ ካልተቆፈረ። የጀሞ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ደግሞ ደረጃው ደጁ ላይ ነው። ጉልበቱ ደህና የሆነ ሰው እሱን ከእርግማን ይልቅ ከልምምድ ቢቆጥረው ይሻላል።

የግፊት ክኒን የታዘዘላችሁ ግን ጨው ስለቀነሳችሁ ብቻ በራሳችሁ እንዳታቋርጡ። ልኬቱ ሲወርድ ኑና ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ።