የቤተ ሰብ ፎቶግራፍ አነሣሥ በድሬዳዋ

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ከምድር ባቡር ጋራ የተቆረቆረች ከተማ ስለ ሆነች፥ ልጆቿ ወደ ጅቡቲም ወደ አዲስ አበባም ሲሄዱ የቤተ ሰባቸውን ፎቶግራፍ ይዘው ይሄዳሉ። የቆዩትን ስንመለከት፥ አባት እጁን በጉልበቱ አኑሮ፥ እናት ነጠላዋን አጣፍታ፥ ልጆችም እንደ ዘብ ቆመው እናያለን። የሚሥቅ እምብዛም አይገኝባቸውም። ይህም በጭምትነት ብቻ አይደለም፤ የጥንቱ መሣሪያ ብርሃን የሚቀበለው በዝግታ ስለ ነበረ፥ የተንቀሳቀሰ ሰው ፊቱ ይደበዝዝ ነበር። የዛሬው መሣሪያ ግን ከሰከንድ መቶኛ በሚያንስ ጊዜ ያነሣል፤ ድርቀቱ ብቻ ቀረልን።

ወላጆችን የምንለምነው፥ ቤተ ሰቡን በድሬ የቀትር ፀሐይ አቁማችሁ ግንባሩን አታስኮሳትሩት። ማለዳ ወይም ወደ ማታ፥ በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር ይሁን። አያት ለልጅ ልጃቸው ሹሩባ ሲሠሩ፥ እናት ቡና ስትቀዳ ልጆቹም ተጠግተዋት ሳሉ ይነሡ። አንሺውም «ተዘጋጁ» ከማለት ይልቅ፥ ልጆቹ መሣሪያውን እስኪረሱት ጥቂት ይታገሥ።

ነገሩ ቀላል መስሎ አይታይ። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ጎርፍ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ሲወስድ፥ ከቤቱ ጋራ በግድግዳው የተሰቀለውም ፎቶግራፍ ሄደ። አንዱን ቅጂ በሌላ ከተማ ላለ ዘመድ መላክ ይገባል፤ እርሱም እናቲቱ የሣቀችበት ቢሆን እንመርጣለን።