መብራቷ የተነቀለባት ከተማ

ሃይላንድ ፓርክ በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት፣ በዲትሮይት ከሞላ ጎደል ተከብባ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ፎርድ በ1913 እ.ኤ.አ. መኪናን በተንቀሳቃሽ መስመር መገጣጠም የጀመረው እዚያ ነበር። የመኪና ፋብሪካዎቹ ሲሄዱ ገቢዋ ደረቀ፤ የመብራት ዕዳዋም ወደ 4 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። በ2011 የኤሌክትሪክ ኩባንያው ከ1,000 በላይ የመንገድ መብራቶችን ከነምሰሶአቸው ነቀለ። ከተማ ሙሉ ሕዝብ በጨለማ እንዲሄድ መተው ከባድ በደል ነው። ነዋሪዎች ግን ሶላርዳሪቲ የተባለ ማኅበር መሥርተው በ2012 የመጀመሪያውን የፀሐይ መብራት ተከሉ።

የእንዲህ ዓይነቱ መብራት የፀሐይ ሰሌዳ ቀን ቀን ባትሪውን ይሞላል፤ ሲመሽ መቆጣጠሪያው አምፖሉን በራሱ ያበራል። መብራቱ ከዋናው የኤሌክትሪክ መስመር ጋር ስለማይገናኝ ወርኃዊ ክፍያ አይጠየቅበትም። ባትሪው ግን ያረጃል፤ ስለዚህ የመለወጫው ገንዘብ ከተከላው ቀን ጀምሮ ሊቆጠብ ይገባል።