ቢጫዋ ገመድ ስንት ስልክ ትሸከማለች?

ቁስቋም የሚኖሩ ጎረቤቶቼ የቴሌኮም ቴክኒሻን መሆኔን ስለሚያውቁ «መቶ ሜጋ ገዝተን የሚወርድልን አሥራ ሁለት ነው» እያሉ ያማርሩኛል። የመስመር ፍጥነት የሚለካው በቢት፣ ፋይል ደግሞ በባይት ነው፤ 100ን ለ8 ብታካፍሉ 12.5 ይመጣል። የሰረቃችሁ የለም።

የእኛ የሥራ ቤት ስሌት ግን ጠለቅ ይላል። አንድ የስልክ ድምፅ በሴኮንድ 64 ኪሎቢት ይወስዳል። 32 እንዲህ ያለ መስመር ሲታሰር 2.048 ሜጋቢት ይሆናል፤ ኢ-1 እንለዋለን። ሁለቱ ለማመሳሰያና ለምልክት ስለሚያዙ ለወሬ የሚተርፈው 30 ነው። ከጫማ ማሰሪያ በማትወፍር ቢጫ የፋይበር ገመድ ኤስቲኤም-1 የሚባለው የማስተላለፊያ ደረጃ ሲያልፍ 63 ኢ-1 ይጭናል፤ 1,890 ሰው በአንዴ ያወራል ማለት ነው። 63ን በ2.048 ስታባዙ 129 ገደማ ይወጣል፤ የኤስቲኤም-1 ፍጥነት ግን 155.52 ሜጋቢት ነው። ትርፉ ለመቆጣጠሪያና ለማሸጊያ ይውላል። ጀማሪ ሁሉ የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው።

አሜሪካኖቹ ደግሞ በራሳቸው ደረጃ ከ51.84 ሜጋቢት ጀምረው ኦሲ-1 አሉት። ወደ እኛው ኤስቲኤም ለመቀየር የኦሲን ቁጥር ለ3 ማካፈል ነው፦ ኦሲ-3 የእኛው ኤስቲኤም-1፣ ኦሲ-48 ደግሞ ኤስቲኤም-16፣ ማለትም 2.488 ጊጋቢት ነው።

እናንተ ግን ውል ከመፈረማችሁ በፊት ሜጋቢት ይሁን ሜጋባይት ጠይቁ።