ዳገት ላይ የምትለግም ኦቶሞቢል

ባለፈው ቅዳሜ ሰባተኛ ላይ ሻይ ስንጠጣ፥ አንድ የመሥሪያ ቤት ወዳጃችን ወደ ሶማሌ ተራ ሊሄድ መሆኑን ገልጦ፥ «ለኦቶማቲኳ ቪትዜ ሱፐርቻርጀር ይሻላታል ወይስ ቱርቦ?» ሲል ጠየቀን። ዳገት ላይ ሚኒባስ ሁሉ ስለሚቀድመው ተማርሯል።

የሁለቱም ሥራ አንድ ነው፤ ይኸውም አየርን ጠቅጥቆ ወደ ሞተር ማስገባት ነው። አየር ሲበዛ የሚነደው ቤንዚን ይበዛል፤ ጉልበትም ይጨምራል። ሱፐርቻርጀር ከሞተሩ ጋር በቺንጋ ተያይዞ ስለሚዞር ነዳጅ እንደ ተረገጠ ወዲያው ይታዘዛል፤ ዳሩ ግን ቀለቡን የሚቆርጠው ከዚያው ከሞተሩ ጉልበት ነው። ቱርቦ የሚሽከረከረው ያለ ጥቅም በሚወጣው ጭስ ነው፤ ጭሱ እስኪበረታ ግን ጥቂት ያስጠብቃል።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ስላለች አየሯ ስስ ነው፤ ተራ ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን እዚህ ያጣል። እንግዲህ ቪትዟን በልግመኛነት መውቀስ አይገባም። አየሩ ሲሳሳ ቱርቦ ይበልጥ ፈጥኖ በመዞር ጉድለቱን ይሞላልና፥ ለደጋ ከተባለ ምርጫችን እርሱ ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ሳንፎርድ ሞስ በ1918 እ.ኤ.አ. አንድ የአውሮፕላን ሞተር ኮሎራዶ ወደሚገኘው ፓይክስ ፒክ ተራራ፥ 4,300 ሜትር ላይ አውጥቶ ይህንኑ አሳይቷል።

ወዳጃችን ደስ አለው። የቀረው ነገራችን ግን አላስደሰተውም። የቪትዟ ካምቢዮና ፒስተን የተሠሩት ለትንሽ ጉልበት ነው። ጉልበቱ ሲጨመርባት ኦቶማቲክ ካምቢዮዋ ይግላል፤ ቤንዚኑም ያለ ጊዜው እየነደደ ፒስተን ይሰብራል። የነዳጅ ኦቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ምትክ እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ገንዘቡን ለካምቢዮ ዘይት፥ ለአየር ማጣሪያና ለካንዴላ እንዲያውለው መከርነው።

የሻዩን ሒሳብ ከፍሎ ተነሣ። ወደ ሶማሌ ተራ ይሁን ወደ ቤቱ፥ አልጠየቅነውም።