ተማሪውና የሚኖርባት ከተማ

መቱ ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተ ወዲህ የመቱ ገጽታ ተለውጧል። የሚከራየው ክፍል፣ ምግብ ቤቱ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱና ባጃጁ በተማሪው ላይ ቆሟል፤ ካምፓስ ያላት በደሌም የዚሁ ተካፋይ ናት። ውኃ ሲጠፋ ወይም መንገዱ ሲጨልም ተማሪው ከነዋሪው እኩል ይቸገራል። ጉዳዩ በሚመከርበት ጉባኤ ግን ወንበር የለውም።

በሕግ ረገድ መሠረቱ ግልጽ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 38 ዕድሜው 18 ዓመት የሞላ ዜጋ እንዲመርጥ ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 50 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። የ2011ዱ የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162 መራጩ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር የኖረ፣ ዕጩውም 21 ዓመት የሞላው እንዲሆን ይጠይቃል። በማደሪያ የሚኖር ተማሪ በመቱ ከዚህ በላይ ይቀመጣል፤ መታወቂያው ግን አብዛኛውን ጊዜ የወላጆቹ ቀበሌ ነው።

ዋናው እንቅፋት ይህ አይደለም። የአካባቢ ምክር ቤቶች ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነው፤ የዛሬው ተማሪ ያኔ ገና ፊደል ይቆጥር ነበር። ስለዚህ የቀረው በር የቀበሌ ስብሰባና የበጀት ውይይት ነው። ወደ ስብሰባው የሚጠራው አባወራና እማወራ ነው። የበጀት ዓመቱም ሐምሌ 1 ስለሚጀምር፣ ረቂቁ በሚመከርበት ወቅት ተማሪው ወይ በፈተና ላይ ነው፣ ወይ ጓዙን ሸክፏል። በግቢው ውስጥ የተማሪዎች ኅብረትና በሴኔት ውክልና አለው፤ ከአጥሩ ውጭ ግን ይህን የሚተካ የለም።

ቀበሌ ራሱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በተወረሰበት በ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 የመጣ ነው። በዚያው ዓመት ተማሪዎች በዕድገት በኅብረት ዘመቻ በየገጠሩ ገበሬውን ያደራጁ ነበር። ሌላውን ያደራጀው ተማሪ ለራሱ በከተማ ቦታ አላገኘም ማለት ይቻላል።

ለእኛ ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ በሰበካ ጉባኤ ከካህናትና ከምእመናን ጋር የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችም እንዲወከሉ አድርጓል። የሰበካ ጉባኤ አባላት የየቀበሌያቸው ነዋሪዎች ስለሆኑ፣ የበጀት ውይይት ከሰኔ በፊት እንዲጠራና የተማሪዎች ኅብረት ተወካይ እንዲጋበዝ መጠየቅ ይችላሉ። ተወካዩን የሚመርጠው የግቢ ጉባኤያችን ሳይሆን የየእምነቱ ተማሪ ሁሉ መሆን አለበት፤ አለዚያ ጥያቄው የውኃና የመብራት መሆኑ ቀርቶ የእምነት ሆኖ ይታያል።