የአዲስ አውቶሞቢል ቀለም በቤት ስለሚታጠብበት፥ ስለሚወለወልበትና ሰም ስለሚቀባበት መንገድ

በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ በሚገኘው በኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ሠፈር፥ ጧት ጧት ከሚታዩት ሥራዎች አንዱ መኪና መጥረግ ነው። ገና ፀሐይ ሳትወጣ ባለቤቱ ወይም የግቢው ዘበኛ ደረቅ ጨርቅ ይዞ ይመጣና ሌሊቱን በኮፋኖውና በጣራው ላይ ያረፈውን አቧራ እያሸ ያነሣል። መኪናውም ለጊዜው ያብረቀርቃል፤ ያየው ሁሉ ባለቤቱን ንጹሕና ጠንቃቃ ሰው ይለዋል። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የፈለግነው ግን ይህ ትጋት ራሱ አዲስ ቀለም ከሚጎዱት ነገሮች ዋነኛው መሆኑን ነው። እንደዚሁም በዚህ ሠፈር በሚገኘው ጥቂት ውኃ ቀለሙን ሳይጎዱ ማጠብ፥ መወልወልና ሰም መቀባት እንዴት እንደሚቻል በተራ እናብራራለን።

ነገሩን እንድንመረምር ያነሣሣን በምንኖርበት ግቢ የደረሰ አንድ ጉዳይ ነው። አንዲት እናት ከልጆቻቸው ጋር ለብዙ ዓመታት ያጠራቀሙትን ገንዘብ አዋጥተው አዲስ ጥቁር የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ገዙ፤ የበኵር ልጃቸውም በጥሪ ታክሲ ሥራ ተሰማራበት። እኒህ እናት የመቀመጫዎቹ ላስቲክ እንዳይነሣ አዘዙ፤ መኪናውንም ከዘበኛው ጋር እየተጋገዙ በየጧቱ በደረቅ ጨርቅ ይጠርጉት ነበር። ዳሩ ግን አራት ወር ሳይሞላው፥ ማታ በመብራት ሥር ሲታይ፥ የሸረሪት ድር የመሰለ ክብ ክብ ጭረት በቀለሙ ላይ ሞልቶ ተገኘ። እናቲቱ ጥፋቱን በሻጩ ላይ ጣሉት፤ ልጁ በላቫጆው፤ ዘበኛው ደግሞ በሠፈሩ ልጆች አሳበበ። ቀጥሎም አንድ ፖሊሽ ሠሪ መጥቶ በየወሩ ቢወለወል እንደ አዲስ እንደሚሆን ነገራቸው። የማን አባባል ትክክል እንደ ሆነ ለማወቅ አስቀድሞ የቀለሙን ነገር መረዳት ያስፈልጋል።

ጉዳዩ የአንድ ቤተ ሰብ ብቻ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸውን ካስታወቀ ወዲህ፥ በሠፈራችን የሚታዩት አዳዲስ መኪናዎች አብዛኛዎቹ የኤሌክትሪክ ናቸው። ለብዙ ቤተ ሰብ ደግሞ መኪና ከቤት ቀጥሎ ያለ ትልቅ ንብረት ነው፤ በሚሸጥበትም ጊዜ ገዢ አስቀድሞ የሚያየው ቀለሙን ነው።

1. ቀለሙ ምን ያህል ነው?

ከፋብሪካ የሚወጣ የዘመኑ አውቶሞቢል ቀለም እንደ ደንቡ በአራት ንብርብር የተሠራ ነው። የመጀመሪያው የመኪናው አካል በገንዳ ውስጥ ተነክሮ በኤሌክትሪክ ኃይል የሚለጠፍበት የዝገት መከላከያ ነው። ሁለተኛው ወለሉን የሚያስተካክል መደላድል ነው። ሦስተኛው መልኩን የሚሰጠው ቀለም ሲሆን፥ አራተኛውና የላይኛው ደግሞ እንደ መስተዋት ጥርት ያለ፥ የራሱ መልክ የሌለው ሽፋን ነው። የመኪናው ብርቅርቅታ የሚገኘው ከዚህ ከላይኛው ሽፋን ነው፤ ከሥሩ ያለውን ቀለም ከፀሐይ የሚጠብቀውም እርሱ ነው።

የአራቱ ንብርብር ውፍረት ተደምሮ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ይደርሳል፤ አንድ ማይክሮን የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ እጅ ነው። የላይኛው ሽፋን ብቻውን ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ያህል ነው። የሰው ጠጕር ውፍረት 70 ማይክሮን ያህል ስለ ሆነ፥ ብዙ ገንዘብ የወጣበት የመኪና ውበት ከአንድ ጠጕር በቀጠነ ሽፋን ላይ የቆመ ነው ማለት ይቻላል።

በቀድሞ ዘመን እንዲህ አልነበረም። አባቶቻችን ይነዷቸው በነበሩት በቮልስና በመሳሰሉት መኪናዎች መልኩንም ብርቅርቅታውንም የሚሰጠው አንዱ ቀለም ራሱ ነበር። ፀሐይ ሲመታው ላዩ እንደ ኖራ ይደበዝዛል፤ ሲወለወል የደበዘዘው ተፍቆ ይሄድና ከሥሩ አዲሱ ይወጣል። የመወልወያው ጨርቅ የመኪናውን መልክ ይዞ ይታይ የነበረውም ስለዚህ ነው። ጥርት ያለው የላይ ሽፋን በዓለም ፋብሪካዎች የተስፋፋው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980ዎቹ ነው። እንግዲህ መኪናን ዘወትር የመወልወል ልማድ በጊዜው ምክንያት ነበረው፤ ቀለሙ ሲለወጥ ግን ልማዱ ሳይለወጥ ቀረ።

2. አቧራው

የኮዬ ፈጬ አካባቢ አፈር አብዛኛው ጥቁር መረሬ ነው፤ በክረምት ይጨቀያል፥ በበጋ ይሰነጠቃል። በዚህ ላይ አስፋልት ያልደረሰባቸው የውስጥ መንገዶችና የግንባታ አሸዋ የሚያመላልሱ ከባድ መኪናዎች አሉ። ከጥቅምት ጀምሮ በመኪናው ላይ የሚያርፈው ብናኝ ስለዚህ አፈር ብቻ አይደለም፤ በውስጡ ደቃቅ የአሸዋና የድንጋይ ቅንጣት አለበት።

ጀርመናዊው የማዕድን ሊቅ ፍሪድሪሽ ሞስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1812 ባወጣው ከ1 እስከ 10 በሚደርሰው የጥንካሬ መለኪያ፥ በአሸዋ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ኳርትዝ 7 ላይ ይመደባል። የመስኮት መስተዋት 5.5 ያህል ነው። መስተዋትን የሚጭር ቅንጣት ከመስተዋት እጅግ የሚለሰልሰውን የመኪና ሽፋን መጫሩ አያጠራጥርም። አቧራው በቀለሙ ላይ ዝም ብሎ ሲያርፍ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ነገር ግን ደረቅ ጨርቅ ከላዩ ተጭኖ ሲጎተት፥ ጨርቁና አቧራው ተባብረው የብርጭቆ ወረቀት ሥራ ይሠራሉ። የላባ መጥረጊያም ቢሆን ከዚህ የተለየ አይደለም።

ጭረቱ ክብ መስሎ መታየቱ ብዙ ሰው ያሳስታል። በእውነቱ ጭረቶቹ ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሄዱ ናቸው፤ ከመብራቱ ዙሪያ ብርሃኑን ወደ ዓይናችን የሚመልሱት ብቻ ጎልተው ስለሚታዩ ግን ድር መስለው ይገኛሉ። በጥቁር ቀለም ላይ በጣም ይታያል፤ በነጭ ላይ አይታይም እንጂ የለም ማለት አይደለም።

3. በሦስት ጀሪካን ማጠብ

በሠፈራችን ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ፥ በጎማ ቱቦ እያፈሰሱ ማጠብ አይቻልም፤ ቢቻልም ጎረቤትን ማስቀየም ነው። ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፥ ማለት 60 ሊትር፥ በሥርዓት ከተጠቀሙበት ለአንድ አነስተኛ አውቶሞቢል ይበቃል።

መኪናው በጥላ ሥር፥ ጧት ወይም ወደ ማታ፥ ኮፋኖው ሲነካ ቀዝቃዛ ሲሆን ይታጠብ። የኤሌክትሪክ መኪና ከሆነ ከኃይል መሙያው ተነቅሎ የመሙያው ክዳን ይዘጋ።

የመጀመሪያው ጀሪካን ያለ ምንም ንክኪ አቧራውን ለማውረድ ነው። ለዚህ ሥራ የአትክልት ውኃ ማጠጫ ወይም ገበሬዎች በጀርባ የሚያዝሉት መርጫ ይጠቅማል፤ መርጫው ግን ፀረ ተባይ ያልገባበት አዲስ መሆን አለበት። ውኃው ከጣራ ወደ ታች ይረጫል፤ የጠነከረው ጭቃ እስኪርስ ጥቂት ደቂቃ ይቈያል፤ ከዚያም በድጋሚ ይረጫል። ከሥራው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ በዚህ ጊዜ የወረደ አሸዋ ቀለሙን ሊጭር አይችልምና።

ሁለተኛው ጀሪካን ለሁለት ባልዲ ይከፈላል። በአንደኛው የመኪና ሻምፖ ይበጠበጣል፤ ሁለተኛው ንጹሕ ውኃ ብቻ ይሁን። ጠጕራም የማጠቢያ ጓንት ወይም ወፍራም የማይክሮፋይበር ጨርቅ ከሳሙናው ተነክሮ፥ ሳይጫኑ፥ በቀጥታ መስመር ይታሻል። ከጣራው ይጀመራል፤ ቀጥሎ መስተዋቶቹ፥ ኮፋኖው፥ በሮቹ፥ በመጨረሻም ፓራውልቶቹ ይታጠባሉ። ከአንድ ክፍል ወደ ሌላው ሲታለፍ ጨርቁ በንጹሑ ባልዲ ታጥቦ እንደ ገና ወደ ሳሙናው ይመለስ። ሁለተኛውን ባልዲ ትርፍ ነገር አድርጎ የሚያይ ሰው፥ ሥራው ሲያልቅ ከሥሩ የዘቀጠውን አሸዋ ቢመለከት ሐሳቡን ይለውጣል። ቸርኬዎቹ የፍሬን ብረት ብናኝ ስላለባቸው ለብቻቸው በሌላ ጨርቅ ይታጠቡ።

የልብስ ሳሙና ዱቄት ለዚህ ሥራ አልተሠራም። አልካሊነቱ ብርቱ ስለ ሆነ ሰሙን ያጥባል፤ ሳይሟሟ የቀረ ቅንጣቱም ይጭራል። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙናም ቅባትን ለማንሣት የተሠራ እንደ መሆኑ ሰሙን ያነሣዋል።

ሦስተኛው ጀሪካን ሳሙናውን ማለቅለቂያ ነው። ከዚህ በኋላ መኪናው በፀሐይ ይድረቅ ተብሎ አይተው። ከጉድጓድ የሚወጣ ውኃ እንደ ካልሲየምና ማግኒዥየም ያሉ ማዕድናት ስላሉበት፥ ውኃው ተንኖ ሲሄድ ነጭ ነጠብጣብ ትቶ ይቀራል። ስለዚህ ንጹሕ የማይክሮፋይበር ፎጣ ተዘርግቶ ውኃውን ይምጠጥ። መሬት የወደቀ ጨርቅ ሳይታጠብ ወደ ቀለሙ አይመለስ።

4. መወልወል

ብዙ ሰው ፖሊሽና ሰም አንድ ነገር ይመስሉታል። ፖሊሽ እንደ አሉሚኒየም ኦክሳይድ ያለ እጅግ የላመ ጠንካራ ዱቄት ያለበት ቅባት ነው፤ ሥራውም መፋቅ ነው። ጭረቱን የሚያጠፋው ጉድጓዱን ሞልቶ ሳይሆን፥ በዙሪያው ያለውን ሽፋን ወደ ጭረቱ ጥልቀት ዝቅ አድርጎ ነው። እንግዲህ እያንዳንዱ ውልወላ ከዚያ ከጠጕር ከቀጠነ ሽፋን ላይ ጥቂት ማይክሮን ይወስዳል፤ የተወሰደውም አይመለስም። በየወሩ መወልወል በባንክ ያለን ገንዘብ ሳያስገቡ በየወሩ እንደ ማውጣት ነው።

ስለዚህ አዲስ መኪና ያለ ምክንያት ባይወለወል ይሻላል። ጭረት ቢኖርም አስቀድሞ በጥፍር ይፈተን፤ ጥፍር የሚይዘው ከሆነ ጥልቅ ስለ ሆነ በፖሊሽ ለማጥፋት አይታገሉት። ጥፍር የማይዘው ቀላል ጭረት ከሆነ ግን፥ ቀለሙ በሚገባ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ፥ ከሁሉ የላመው ፖሊሽ በትንሽ ስፍራ ላይ ተሞክሮ ውጤቱ ከታየ በኋላ ይቀጠል። ብርቅርቅታ የሌለው ድፍን ቀለም ያለው መኪና ከቶ አይወለወልም፤ ተለይቶ ያልተዘጋጀለትም ሰም አይቀባም።

5. ሰም መቀባት

ሰም ከቀለሙ ምንም አይወስድም፤ በላዩ ስስ ልባስ ይጨምራል። በዚህ ሥራ የታወቀው ካርናውባ የሚባለው ሰም ነው፤ በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከሚበቅል የዘንባባ ዓይነት ቅጠል ይገኛል። አገራችን በንብ ሰም ምርት ከዓለም ቀደምት አገሮች አንዷ ስትሆን የጧፉን ሰም ለምን አንቀባም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። የንብ ሰም ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀልጥ ካርናውባ ከ82 እስከ 86 ዲግሪ ድረስ ይታገሣል። የንብ ሰም ብቻውን ቢቀባ ፀሐይ በመታው ጣራ ላይ ይለሰልስና አቧራን ይይዛል፤ ስለዚህ ከሌላ ጋር ተቀላቅሎ ካልሆነ አይበጅም።

የፋብሪካ ቀለም በ140 ዲግሪ ገደማ በምድጃ የተጋገረ ስለ ሆነ፥ አዲሱ መኪና በተገዛበት ቀን እንኳ ሰም ቢቀባ ጉዳት የለውም። በጋራዥ እንደ ገና የተቀባ መኪና ግን ቀለሙ በሚገባ እስኪደርቅ የቀለሙ ሠሪ የወሰነለትን ሳምንታት መጠበቅ አለበት።

አቀባቡ ቀላል ነው። በታጠበና በደረቀ ቀለም ላይ፥ በጥላ ሥር፥ ጥቂት ሰም በለስላሳ ስፖንጅ ተወስዶ በአንድ ክፍል ላይ ስስ ሆኖ ይቀባል። ጭጋግ መስሎ ሲደበዝዝ በንጹሕ የማይክሮፋይበር ጨርቅ ይነሣል፤ ከዚያም ወደ ሚቀጥለው ክፍል ይታለፋል። ማወፈር ድካም እንጂ ጥቅም የለውም። የካርናውባ ሰም ከጥቂት ሳምንት እስከ ጥቂት ወር ይቈያል፤ ውኃ ሲረጭበት ነጠብጣቡ እንደ ዶቃ መድቦልቦሉን ሲተው የማደሻው ጊዜ ደርሷል።

ሰም ጭረትን የሚከላከል ጋሻ አይደለም። ጥቅሙ ጭቃና የወፍ ኩስ እንዳይጣበቁ ማድረጉ ነው። በኮዬ ፈጬ ይህ ከውበት የበለጠ ዋጋ አለው፤ ሰም ካለው ቀለም አቧራው በመጀመሪያው ጀሪካን ይወርዳልና።

የጀመርነውን ጉዳይ ለመደምደም፥ የእኒያን እናት መኪና የጎዳው ሻጩም ሕፃናቱም አልነበሩም፤ የየጧቱ ጨርቅ ነበር። ይህን ለእርሳቸው መንገር ቀላል አልሆነም፤ በፍቅር ያደረጉትን ነገር ጥፋት ነው ማለት ነበርና። በመጨረሻ ልጃቸው ሁለት ባልዲ አምጥቶ አብረው አጠቡ፤ በሁለተኛው ባልዲ ሥር የቀረውን አሸዋ በእጃቸው ዳስሰው ካዩ በኋላ እናቲቱ ሌላ ማስረጃ አልጠየቁም። ዘበኛውም በየጧቱ ስለ መጥረግ የሚያገኛት ጉርሻ እንዳትቀርበት፥ በሳምንት አንድ ቀን በዚህ ሥርዓት እንዲያጥብና ያንኑ ገንዘብ እንዲቀበል ተስማሙ። ቀለሙ አንድ ጊዜ ብቻ በላመ ፖሊሽ ተወልውሎ ሰም ተቀባ። አሁን በሌሎቹ ቀናት መኪናው አቧራውን ለብሶ ወደ ሥራ ይወጣል፤ እናቲቱም ከደጃፋቸው ሆነው ጨርቅ ሳያነሡ ይሸኙታል።